አባ ምሳቸውን ሲያሞቁ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ትናንት ከደሴ መካነ ሰላም ቤታችን ገባሁ። ዛሬ ልብስ አጠብኩ፣ ጄሪካን ሞላሁ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ያው እንደ ሁልጊዜው… እስከ ምሳ ድረስ ማለቴ ነው።

ድስቱን ስከፍተው እሑድ ሠርቼ የሄድኩት ወጥ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም። ሻግቷል። ታዲያ አባ ምን በሉ?

"ዳቦ ነበረ።"

"ዳቦ በምን?"

"በውሃ።"

ለምን አላሞቁትም ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱን አውቀዋለሁ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማድ ቤት ገብተው አያውቁም። ይህን ስል ለአፌ አይደለም። እማ እንኳ "አባትሽን የማድ ቤቱ በር ወደየት እንደሚከፈት ብትጠይቂው ይወድቃል" እያለች ትስቅባቸው ነበር። እሷ ካለፈች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እሳት የማነድደው እኔ ነኝ፣ የማቀርበውም እኔ።

አሁን ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ደብዳቤ አለ። አቀስታ ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ሥራ። ታኅሣሥ 15 ሪፖርት አድርጊ ይላል። እኔ አቀስታ፣ አባ እዚህ ዳቦ በውሃ… ይሄ ይሆናል?

ገና አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 5፣ አርብ

ከጁምዓ ሲመለሱ ነገርኳቸው። "ማብሩክ! ሂጂ እንጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?" አሉ። ደስታቸው የእውነት ነው። ግን ቶሎ ብለው ተነሱና ግቢውን መጥረግ ጀመሩ። አባ ግቢ ይጠርጋሉ እንዴ?

እዚያው ሳሎን ተቀምጬ ሳስብ ዓይኔ ቡፌው ላይ አረፈ። ማይክሮዌቩ! ወንድሜ ሃሩን ከጅዳ በካርጎ የላከው። ስምንት ወር ሙሉ የእማን ዳንቴል ለብሶ እንግዳ ሲቀበል ኖረ እንጂ አንድ ቀን ተሰክቶ አያውቅም። ያለው ደግሞ ሳሎን ነው። ማድ ቤት አይደለም። እሳት የለውም፣ ጭስ የለውም። አባ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ምሳቸውን ቢያሞቁ ማድ ቤት ገቡ ይባላል? አይባልም!

አርባ ቀን አለኝ። አስተምራቸዋለሁ። ወላሂ አስተምራቸዋለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አስናቀውን ጠራሁት፣ የሰፈራችንን የመብራት ሠራተኛ። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም የስልክ ቻርጀሩም የተንጠለጠሉት አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ነው። ይሄንንም እዚያው ልሰካው ነበር። "እህቴ፣ ይኼ እኮ ብቻውን የሚበላ ነው" አለኝ። ለብቻው ግድግዳው ላይ ሶኬት ሠራለት፣ ከነመሬት ሽቦው። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አራቀው፣ በኋላው በኩል እንዲተነፍስ።

አባ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "የወፍጮ ሞተርም እንደዚሁ ነው፤ ካልተነፈሰ ይነዳል" አሉ። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የሠሩት። የግራ ጆሯቸው እዚያ ነው የቀረው።

እኔ መመሪያውን እያነበብኩ ስለነበር "አዎ፣ አዎ" ብዬ አለፍኳቸው። መመሪያው በዐረብኛም አለ። ቁርዓን አሳምረው ይቀራሉና ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። "ይኼ የየት አገር ዐረብኛ ነው? አንድ የማውቀው ቃል የለበትም" ብለው መለሱልኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ትምህርት። ጉድ ሆነ።

ጨው ላመጣ ዘወር ስል ሩዙን በብረት ሳህናቸው ከነማንኪያው አስገብተው አስነሱት። ብልጭ! ጠሽ! አባ "አዑዙ ቢላህ" እያሉ በሩ ጋ ደረሱ። ሮጬ አጠፋሁት። ብረት አይገባም አልኳቸው። ሳህንም፣ ማንኪያም፣ ፎይልም። የሸክላ ሳህን ወይም ደህና ብርጭቆ ብቻ።

"ይኼ ሳህን እኮ ከጋብቻዬ ጀምሮ አለ" አሉ።

"ቢኖርስ!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ አባ ማይክሮዌቩን አላዩትም። እሱም አላያቸውም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጎረቤታችን መሰረት ጋ ሄጄ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ብቻቸውን አስነስተውታል! ደስ ሊለኝ ሲገባ… የእማ ዳንቴል ላዩ ላይ ተመልሷል፣ ከኋላውም ተንጠልጥሎ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኗቸዋል። ሳጥኑን ስነካው ይፋጃል። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ዳንቴሉን መንጭቄ አወረድኩ። ጫፉ ቡናማ ሆኗል።

"ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ?" አሉኝ።

"አየር መውጫው ነው የተደፈነው! ቤቱ ቢቃጠልስ?"

"እናትሽ የሠራችው ነው።"

ዳንቴሉን ከእጄ ተቀብለው አጣጠፉት። ሳጥናቸው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ አልተናገሩኝም።

ትክክል ነኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ትክክል ነኛ!

ኅዳር 14፣ እሑድ

ታረቅን። ማለቴ አባ ረሱልኝ።

በትልልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ብረት የለም። ባዶውን አይነሳም። እንቁላል ከነቅርፊቱ በፍጹም። ክዳኑ የተጠረቀመ ዕቃ አይገባም፣ ይፈነዳል። እንጀራ በፌስታል አይሞቅም፣ እርጥብ ወረቀት ተሸፍኖ ሳህን ላይ። መሐል ላይ አቁሞ ማማሰል፣ ዳሩ ፈጅቶ መሐሉ ቀዝቃዛ ይሆናልና። መብራት ከሄደ ሶኬቱን መንቀል።

አባ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡና "ፍርድ ቤት ነው እንዴ የከፈትሽው?" አሉ። "ባዶውን አይነሳም" የሚለው ላይ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወፍጮም እህል ሳይገባበት ቢነሳ ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል አሉ።

አንድ ችግር። ሲጨርስ የሚጮኸውን አይሰሙትም። ጆሯቸው አልያዘውም። እሳቸው ግን አላስጨነቃቸውም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቁ። ምሳቸውን ሲጠብቁ ሳይሆን ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። ሳቄን ዋጥኩ።

"ይኼ አይቻልም፣ ያ አይቻልም። ታዲያ ያለ ሐሳብ የሚሞቀው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ውሃ። ሻይ ሲያምርዎት ውሃ ያሙቁ። ውሃ ምንም አይሆንም።"

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ምሳ ብቻቸውን! ውጭ ሆኜ በመስኮት ነው የሰለልኳቸው። መሰረት የሰጠችንን ሽሮ አሞቁ። የነቢያት ጾም ላይ ናት፣ ስለዚህ አሁን ምግቧ ለኛም ይሆናል። አማሰሉ፣ ቀመሱ፣ መልሰው አስገቡ። በሉ። ሳህኑን ግን እዚያው ትተውት ተነሱ። ምንም አይደለም… ሳህን የማጠብ ትምህርት ለሌላ ዓመት።

ኅዳር 21፣ እሑድ

አባ ተቃጠሉ።

ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። ጩኸት ሰማሁ። ስገባ ብርጭቆው ምንጣፉ ላይ፣ አባ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ቆመዋል።

ውሃ ነው ያሞቁት። ለሻይ። መሐሉ ላይ መብራት ሄደ። ቆይቶ መጣ። ውሃው ሲያዩት ፀጥ ያለ ነው፣ ያልፈላ መሰላቸው። እንደገና ሦስት ደቂቃ ሙሉ። አሁንም ፀጥ። አውጥተው ስኳር ሲጨምሩበት ውሃው ከብርጭቆው ዘሎ እጃቸው ላይ ተገለበጠ።

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ሃያ ደቂቃ። መሰረት ሰምታ ኮልጌት ይዛ መጣች። ሌላዋ ጎረቤት ቅቤ ቀቢው አለች። ሁለቱንም መለስኳቸው። ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሱ "ውሃ ማድረግሽ ጥሩ ነው" አለ። ጥሩ ነው! ውሃ ምንም አይሆንም ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ። በዚህ በገዛ አፌ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

መዳፋቸውና ጣቶቻቸው ውሃ ቋጥረዋል። አይፈንዳ ተብሏል። ሁለት ሳምንት።

ቀኝ እጅ ነው። በግራ አይበሉም፤ በነፍስ ቢመጣባቸውም አይበሉም። በማንኪያ ቢሉት ያው በግራ ነው። ስለዚህ አጎርሳቸዋለሁ። በደስታ ቀን ሲጎራረሱ ሌላ ነገር ነው። ሲገደዱ ግን… አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ሦስት ጉርሻ ብቻ። "ጠገብኩ።" አልጠገቡም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

አክስቴ የሻለም ከኩታበር መጡ። የአባ ታናሽ እህት። በር ላይ ሆነው ነው ማልቀስ የጀመሩት።

"ሴት ልጅ ያለችው ሰው በማሽን ይበላል? በይ ንገሪኝ! እናትሽ ይኼን ብታይ ምን ትል?"

"ጥፋቱ የኔ ነው አክስቴ።"

"ጥፋቱ የማንም ይሁን። አባትሽን ለዚህ ብልጭልጭ ጥለሽ አቀስታ? ሥራ ሌላም ይመጣል። አባት አይመጣም።"

አባ ግድግዳውን ያያሉ። አንድ ቃል እንዲሉልኝ ጠበቅኩ፤ አላሉም። አክስቴ ነጠላ አምጥተው ማይክሮዌቩን ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት፣ ሬሳ እንደሚሸፈን። ነቀልኩት እንጂ አልተከራከርኩም፤ ሶኬቱን ማለቴ ነው።

አባት አይመጣም። እውነታቸውን ነው። ይሄ ነው የከፋው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ደብዳቤ ጻፍኩ። "በቤተሰብ ችግር ምክንያት በተባለው ቀን ሪፖርት ማድረግ ስለማልችል…" እዚህ ላይ ስደርስ አባ ከኋላዬ ቆመዋል። አላየኋቸውም።

"አንብቢልኝ።"

አነበብኩ። ግማሹን። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጥኩና "አባ፣ አፉ ይበሉኝ። ውሃ ምንም አይሆንም ያልኩዎት እኔ ነኝ። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው" አልኩ። በሕይወቴ አባን ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"አፉ ብያለሁ።" ተቀመጡና "ውሃው ለምን ዘለለ?" አሉ።

"እ?"

"ፀጥ ያለ ውሃ ለምን ዘለለ?"

ነገርኳቸው። ከተቃጠሉ ጀምሮ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። በለሰለሰ ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ከመፍያው በላይ ግሎ አረፋ ሳያወጣ ይቀመጣል። ሁለቴ የሞቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አንድ ነገር ሲነካው፣ ስኳርም ሻይ ቅጠልም፣ አንዴ ይገነፍላል።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ። ወፍጮ ቤት ሥራ የጀመሩ ሰሞን ነው። ገበየሁ የሚባል ገበሬ ጆንያውን ሊያነሳ ሲጎነበስ ጋቢው የሞተሩ ቀበቶ ውስጥ ገባ። አባ ሞተሩን እስኪያጠፉ የሰውየው ክንድ ተሰብሯል።

"ሁለተኛ ይኼን ቤት አልከፍትም ብዬ ማልኩ። ሦስት ቀን ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ቆመው አየሁ። ቤታቸው ዱቄት የለም። ምን ላድርግ? ከፈትኩት። ከመክፈቴ በፊት ግን ቀበቶውን በእንጨት አጠርኩት። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ማንንም አልያዘም።"

ብዕሬን ከደንኩ።

"አጥሩን ንገሪኝ፤ የውሃው አጥር ምንድን ነው?"

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ውሃ ሁለቴ አይሞቅም። ብርጭቆው ውስጥ እንጨት ነገር ይግባበት፣ አረፋው እንዲነሳ። ሲጠፋ ወዲያው አይወጣ፣ ትንሽ ይቆይ። ፊትና እጅ ይራቅ።

"መፋቂያ ይሆናል?"

"አዲስና ንጹሕ ከሆነ ይሆናል።"

"በቃ።" ደብዳቤውን በግራ እጃቸው አንስተው ሰጡኝ። "ይኼን አንቺው ቅደጂው። እኔ አንድ እጅ ነኝ።"

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

እንደገና ጀመርን። በግራ እጃቸው ነው ቁልፉን የሚጫኑት፤ መጫን መብላት አይደለም አሉ። አክስቴ ጥግ ተቀምጠው በየመሐሉ "ያ ረቢ" ይላሉ።

ዛሬ ግን እኔ አይደለሁም ያስተማርኩት። አባ ናቸው የጠየቁኝ፣ እኔ የመለስኩ። በሩ ሳይገጥም ቢነሳስ? ቢሸትስ? ቢጨስስ? ለመጨረሻው "በሩን ሳይከፍቱ…" ብዬ ስጀምር ቀደሙኝ። "ሳልከፍት ከግድግዳው እነቅላለሁ። ከፍተሽ አየር ካቀበልሽው ይነዳል። ዱቄት ቤት ስንት ዓመት የኖርኩ መሰለሽ?"

ይሄን ሁሉ ያውቁ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እኮ ሊነግሩኝ ነበር። "አዎ፣ አዎ" ብዬ አለፍኳቸው። ጆሮ የከበደው ማን ኖሯል?

ታኅሣሥ 3፣ አርብ

አክስቴ ወደ ኩታበር ተመለሱ። ሲስሙኝ ቀዝቀዝ ብለው ነው። "አላህ ይጠብቀው፣ ሌላ ምን እላለሁ" አሉ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

እጃቸው ድኗል። ቆዳው ሮዝ ነው፣ አዲስ። ዛሬ በገዛ እጃቸው በሉ። አልሐምዱሊላህ።

ፈተና ሰጠኋቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ እኔ አልናገርም። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ምላሴን ነከስኩ። ለኔ ነው ፈተናው! ሩዝና ሥጋ ወጥ በሸክላ ሳህን። ከደኑት፣ ግን ጫፉን ከፈት አድርገው። ሁለት ደቂቃ። ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠበቁ። አወጡ፣ በጨርቅ ይዘው። አማሰሉ። አንድ ደቂቃ ጨመሩ። መሐሉን በጣታቸው ሞከሩ። ከዚያ… የረሱት ነገር አለ ብዬ ልነሳ ስል እርጥብ ጨርቅ አምጥተው ውስጡን ወለወሉት፣ በሩ የሚገጥምበትን ዳርና ዳሩን ሁሉ። ይሄን እኔ አልጻፍኩትም።

"እህሉ ካልተጠረገ ድንጋዩ ላይ ይሻግታል" አሉኝ።

አለፉ። በማዕረግ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሻንጣዬን አሰርኩ። ፍሪጁ ውስጥ የአራት ቀን ወጥ በየዕቃው፣ ቀኑ ተጽፎበት። ከዚያ ወዲያ መሰረት በሳምንት ሁለቴ ልትሠራልን ተስማማች፣ የሥጋውን ነገር ደግሞ አባ ከሙሐሲን ሚስት ጋር ጨርሰዋል፤ ሙሐሲን የመስጊድ ጓደኛቸው ነው። ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ማሞቅ ብቻ! ከወር በፊት ይሄ ተራራ ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣውን ካልተሸከምኩ ብለው ተሸከሙ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ። ሌላ አላሉም። መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ አላየሁም። ዋሸሁ፤ አየሁ።

ታኅሣሥ 17፣ አርብ

አቀስታ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በቀን ሦስቴ እደውላለሁ። ዛሬ ሦስተኛው ላይ አላነሱም። አራተኛው ላይ "ሰላት ላይ ነበርኩ እኮ" አሉ። በየቅዳሜው እየሄድኩ ካላየኋቸው አላርፍም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሄጄ አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። ማይክሮዌቩ ውስጥ የሚዞረውን የመስታወት ሳህን ሳይቀር አውጥቼ አገላብጬ ፈተሽኩ። አባ "ኢንስፔክተር መጣች" ብለው ለመሰረት ሲያወሩብኝ ሰማሁ።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሥራ ላይ እያለሁ አክስቴ የሻለም ደወሉ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው።

ሰኞ ዕለት አባን ሊጠይቁ መካነ ሰላም ሄደው ኖሯል። አባ ለእህታቸው ክብር ብለው የእንግዳውን ሲኒ አወጡ፣ ያን ጠርዙ ወርቅ የተቀባውን። ወተት ሊያሞቁላቸው። ወርቁ ብልጭ ብልጭ አለ። እኔ ስለ ሲኒ ወርቅ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። አስቤውም አላውቅም!

"እኔ ልሮጥ ተነሳሁ" አሉ አክስቴ። "አባትሽ ግን አልጮኸ፣ አልሮጠ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ። 'አትክፈቺው፣ ተቀመጪ' አለኝ። ከዚያ አስናቀውን አስጠራ። አስናቀው ውስጡን አየና 'ደህና ነው' አለ። ብርጭቆ ቀይሮ ወተቱን አሞቀልኝ። ምሳም አቀረበልኝ፣ አማስሎ፣ ቀምሶ… ስሚኝማ ሱሀይላ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ወንድሜ ውሃ እንኳ አቀብሎኝ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ከሱ እጅ በላሁ።"

ከዚያ አለቀሱ። ቅድም የሳቁትን ያህል።

ሰኞ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ስንት ጊዜ ደወልኩ? አንድ ቃል አላሉኝም። ከሥራ ስወጣ ደወልኩላቸው።

"አባ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን?"

"የሲኒውን! ብልጭ ያለውን!"

"ጠፋ እኮ። የጠፋ ነገር ምን ይወራል?"

አርባ ቀን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው። አባ እኔን ሳይጠሩ እንዲኖሩ። ሰኞ ዕለት አልጠሩኝም። ትዝ እንኳ አላልኳቸውም። ታዲያ አሁን የከፋኝ ምን ሆኜ ነው?

"ሱሀይላ?"

"አለሁ።"

"ቅዳሜ ትመጫለሽ? ልትፈትሺ ከሆነ ቅሪ። ልትበዪ ከሆነ ነይ። ምሳ አቅራቢው እኔ ነኝ።"

"ምን ይዤ ልምጣ?"

"እንግዳ ምን ይዞ ይመጣል? ባዶ እጅሽን ነይ።"

እንግዳ። በተወለድኩበት ቤት። ስልኩን ዘግቼ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ። ደስታ ነው፤ ሌላም ነገር አለበት፤ ሁለቱንም አልለያቸውም።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ምንም ይዤ አልሄድም። የመጀመሪያው ሚኒባስ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው።